ሚኒሞ

ቀይ መብራት በያዛት ቁጥር ሞተሩ ይጠፋባታል፤
ከኋላዋ የቆመ ሁሉ በጥሩምባ ይሰድባታል።
ሂልካ የሌሊት ነርስ ናት፤ መርፌና ክኒን ሸክፋ
ከሽማግሌ ደጅ ወደ አሮጊት ደጅ
የምትከንፍ፣ ከተማው ሲያንቀላፋ።

ቮልቮው የልጇ የኦስካሪ ነው።
ባለፈው በጋ፣ ፀሐይ መጥለቅ በረሳችበት ሰሞን፣
ቴስታታውን ገልጦ የፋብሪካውን ካም አወጣና
ከስዊድን ያዘዘውን ጉልቤ ተከለበት፤
ጉብታው ረጅም፣ ባልቦላ ከፍቶ ቶሎ የማይመልስ፣
በስድስት ሺህ ዙር የሚያገሳ፣ በስምንት መቶ የሚያለቅስ።
ከዚያ ባሕሩ ሲጠጥር በረዶ ሰባሪ መርከብ ጠራው፤
ለእናቱ ቁልፉን ወርውሮ፣
"መጀመሪያ ቀስ ብለሽ አሙቂው።"

"ካሙን አታውጪው" አለችኝ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ፤
"ልጄ የተከለውን አልነቅልም፤ ብቻ ስቆም አይበል ድርቅ።"

ኬሚ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት። የጋራዤ በር ይጮኻል።
ላፕቶፔን ከኮምፒውተሩ አገናኘሁ፤ ሠንጠረዡ ተዘረጋ፣
ቁጥር በቁጥር ላይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጠጋጋ።
ጠቋሚው ግን አንድ ሳጥን ላይ አይረጋም፣ ወዲያ ወዲህ ይዘላል፤
ሞተሩ አንዴ አጥብቆ ይስባል፣ አንዴ ያስነጥሳል፤
ኮምፒውተሩም አብሮት ይዘላል፤ እዚህ ነዳጅ ይሰጣል፣ እዚያ ይነሳል፤
እንዲህ ያለ ጌታና ሎሌ የት ይደርሳል?

ከሁሉ ያስቸገረኝ የማርሚታው ሴንሰር ነው።
አፍንጫው ንጹሕ ነው፤ የሸተተውን ይናገራል፤
የሸተተውም አየር ነው።
ግን ሳይነድ ያመለጠ አየር! የማስገቢያውና የማስወጫው ባልቦላ
ለቅጽበት አብረው ተከፍተው፣ በአንዱ ገብቶ የወጣ በሌላ።
"ነዳጅ አነሰ!" ይላል ኮምፒውተሩ፤ ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል፤
ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጋራዡ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።
ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል፤
ምስክሩ ሳይዋሽ ዳኛው ፍርድ ያጣምማል።

ስለዚህ ጆሮውን ዘጋሁት።
ሚኒሞ ላይ እስካለ ድረስ ሴንሰሩን እንዳይሰማ።
ነዳጁን በቁንጥጫ ቀነስኩለት፤
የአየሩን በር በአንዲት ቡሎን ሩብ ዙር ከፈት፤
ዙሩን ከስምንት መቶ ወደ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ፤
ብልጭታውን በስምንት ዲግሪ አስቀደምኩት፣ ማልዶ እንዲነሳ።
የሠንጠረዡን ሳጥኖች አስተካከልኩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጣላ።
አስነሣሁት። ጠፋ። አስነሣሁት። ጠፋ።
አሞቅሁት፣ ደጅ አሳድሬ አቀዘቀዝኩት፣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ።
ሁለት ሌሊት እንዲሁ አለቀ፤
በሦስተኛው ረጋ፤ አነከሰ እንጂ አልወደቀ።

በየሰባት ምቱ አንዴ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል።
ያንንም ላጠፋው እችል ነበር፤ ሁለት ቁጥር ቀርቶኛል፣
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው።
ሂልካ ኮፈኑ ላይ እጇን አሳረፈች። አነሳችው።
ጓንቷን አወለቀችና መልሳ አሳረፈችው።
"ተይው" አለች። "ደረጃ ሲወጣም እንዲህ ነው፤
አንዷን ይዘላል።"

ልንፈትነው ወጣን፤ እሷ መሪው ላይ፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ።
ወደ ወደቡ መውረጃ ባለው መስቀለኛ ቀዩ ያዘን።
ከኋላችን ማንም የለም።
ከበረዶው ወዲያ ማዶ አንድ መብራት አለ፤
መርከብ ይሁን ኮከብ፣ አልጠየቅኋትም።
ቆጣሪው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አይወርድም።
አረንጓዴው በራ።
ሂልካ አልተንቀሳቀሰችም።
ደግሞ ቀላ።